ልምምዳቸውን ከጓሮ አውጡት

በጅማ የትምህርት ቤቶች ውድድር ሲቃረብ፣ በአንዳንድ ግቢዎች ከኳስ ቡድኑ እኩል የሚደክም ሌላ ቡድን አለ። በጨዋታው ቀን ከሜዳው ጠርዝ ቆሞ ዜማ ያወጣል፣ ተመልካቹን ያስቀብላል፣ ይገለባበጣል፣ አንዷን ልጅ በጓደኞቿ መዳፍ ላይ ያቆማል። ልጆቹ ራሳቸውን ቺርሊደር ይላሉ። ሌላው ተማሪ አስጨፋሪ ይላቸዋል። ከኳስ ተጫዋቾቹ አንዳንዶቹ ግን «ጨፋሪዎቹ» ብለው ያልፏቸዋል፤ አባባላቸው ላይ ያለውን ንቀት ለመስማት ብዙ ጆሮ አያስፈልግም።

እኔ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ፤ የማስተምረውም እዚሁ ጅማ ነው። የትምህርት ቤቱን ስም የማልጠቅሰው ነገሩ የአንድ ግቢ ብቻ ስላልሆነ ነው። ካቻምና ለውድድር ስንወጣ የስፖርተኞች ስም ዝርዝር ተዘጋጀ። እግር ኳስ አለበት፣ መረብ ኳስ አለበት፣ ሩጫ አለበት። ከጠዋት እስከ ማታ ሜዳ የሚውሉት የድጋፍ ቡድኑ ልጆች የሉበትም። ዝርዝር ላይ ያልገባ ልጅ ደግሞ ምሳ አይደርሰውም፣ ውኃ አይታደለውም፣ ወለም ቢለው ወጌሻው የእሱ ኃላፊነት መሆኑን አያውቅም። የለበሱትን ቲሸርት እንኳ ያሠሩት በራሳቸው መዋጮ ነበር።

በዚያው ሰሞን የኳስ ቡድኑ አምበል ወደ እኔ መጥቶ፣ «ቲቸር፣ እነዚህን ጨፋሪዎች አንዴ ከሜዳው ያስወጡልን፤ ልምምድ አለን» አለኝ። ልጁ ባለጌ አይደለም፤ ከማውቃቸው ተማሪዎች ጨዋ ከሚባሉት ነው። በዚያች ሰዓት እነሱም ልምምድ ላይ እንደነበሩ ግን አልታየውም። እንዴትስ ይታየው? ከዚያ ቀን በፊት ሲለማመዱ አይቷቸው አያውቅም። ሌላ ጊዜ ሜዳው ስለማይፈቀድላቸው የሚሠሩት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቦታ ነበር። ዝናብ ሲሆን ደግሞ፣ ጅማ ላይ ዝናብ የሌለበት ወር ጥቂት ነውና፣ የመማሪያ ክፍሎቹ በረንዳ ሲሚንቶ ላይ ይሠሩ ነበር። ሌላው ስፖርተኛ የሚያያቸው በጨዋታው ዕለት ብቻ ነበር፤ ተውበው፣ ፈገግ ብለው፣ ቀላል መስለው።

ለዚህ ነው ክብር በስብከት ይመጣል የሚል እምነት የሌለኝ። ኳስ ተጫዋቾቹን ሰብስቦ «እህቶቻችሁን አክብሩ» ማለት ይቻላል፤ ብለናልም። ስፖርተኛ ግን ሌላውን ስፖርተኛ የሚያከብረው ላቡን ሲያይ ነው። የረጅም ርቀት ሯጩን ማንም «ዝም ብሎ ይሮጣል» የማይለው ማለዳ ሲነሳ፣ ሲያስመልሰው፣ እንደገና ሲነሳ ስለታየ ነው። የድጋፍ ቡድኑም ልምምዱ ከጓሮ ወጥቶ በሁሉም ፊት ይሁን። የምለው ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ የሚቀረው ለምን እንደምለው ማስረዳት ነው።

ከውጭ ሲታይ አንዲት ልጅ ጓደኞቿ መዳፍ ላይ ትቆማለች፣ እጆቿን ትዘረጋለች፣ ትወርዳለች። ውስጡ እንዲህ ነው። ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ እነሱ ተሸካሚዎች ናቸው። ሦስተኛው ከኋላ ይቆማል፤ ሥራው የምትወጣዋን ልጅ ቁርጭምጭሚት ይዞ ክብደቱን ማቅለልና ከምንም በላይ ጭንቅላቷንና አንገቷን መጠበቅ ነው፤ ዓይኑ ከእሷ ላይ ለአፍታ አይነሳም። ቆጠራው በስምንት ምት ነው። «አንድ፣ ሁለት» ሲባል ሦስቱም ጉልበታቸውን ያጥፋሉ፤ ልጅቷ ትዘላለች፤ በእግራቸው ኃይል ይገፏታል። በክንዱ ብቻ ሊያነሳት የሞከረ ተሸካሚ ወገቡን ይጎዳል። ወደ ላይ የወጣችው ልጅም ዝም ብላ አልቆመችም። ከጣቷ እስከ አንገቷ ያለውን ጡንቻ ሁሉ አጥብቃ ካልያዘች ክብደቷ ይበተናል፤ ተሸካሚዎቿ እጅ ላይ 50 ኪሎ የነበረችው ልጅ ድንገት የማትያዝ ትሆናለች። አንዱ ተሸካሚ ግማሽ ምት ከዘገየ ሁሉም ነገር ያጋድላል። ይህን እየሠሩ ደግሞ ይዘምራሉ፤ ትንፋሻቸውን ለሁለት ይከፍሉታል ማለት ነው። በዚህ ሁሉ መሐል ፊታቸው የሚያሳየው ፈገግታ ነው፤ ልፋታቸውን ከተመልካች የሚሰውረውም እሱ ነው።

በዓለም አቀፍ ውድድር አንድ ቡድን ከ16 እስከ 24 ሰው ይዞ ይቀርባል፤ በሙዚቃ ለሚሠራው ትርኢት የሚሰጠውም ጊዜ 2 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው። ከዚያ በላይ የለም። በዚያች ጊዜ ውስጥ መገለባበጥ፣ ማንሳት፣ መወርወርና ፒራሚድ ሁሉም ይገባሉ። የ800 ሜትር ሯጮቼ በዚህ ርዝመት ሙሉ ኃይልን አውጥቶ መጨረስ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት ይችላሉ።

ጅማ ለዚህ ዓይነት ጥበብ እንግዳ ከተማ አይደለችም። ሰርከስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ላይ ከተጀመረ በኋላ እንቅስቃሴው ወደ ክፍለ ሀገር ሲሰፋ ጅማም የራሷን ሰርከስ አቋቁማ ነበር። በዚያ ዘመን ያደጉ የከተማችን ሰዎች ልጆች በልጆች ትከሻ ላይ ሲቆሙ አይተዋል፤ አጨብጭበዋልም። ያንን ጥበብ ያጨበጨበ ሕዝብ የልጅ ልጆቹ በኳስ ሜዳ ጠርዝ ተመሳሳይ ነገር ሲሠሩ እንደ ዛዛታ የሚቆጥርበት ምክንያት አይታየኝም። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ገና ባደገበት ዓመት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ድምፃቸው የተዘጋ ደጋፊዎች ዛሬም ከፈረንጅ አራዳ እስከ መርካቶ አሉ። ያን ጊዜ «ደጋፊው 12ኛ ተጫዋች ነው» ያላለ ሰው አልነበረም። ታዲያ 12ኛውን ተጫዋች በሥርዓት የምትመራው ልጅ ምን ልትባል ነው?

የቺርሊዲንግ አመጣጥም ሊታወቅ ይገባዋል፤ ብዙ ተማሪዎቼ ከአሜሪካ ፊልም ባዩት ምስል ነው የሚፈርዱት። እ.ኤ.አ. በ1898 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ተደጋጋሚ ሽንፈት ደርሶበት ሳለ ጆኒ ካምቤል የሚባል ተማሪ ከተመልካቹ ፊት ወጥቶ ድምፁን በአንድነት ይመራ ጀመር፤ ቡድኑም በዚያ ቀን አሸነፈ። የተደራጀ ቺርሊዲንግ መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው ያ ቀን ነው። መሪዎቹ በሙሉ ወንዶች ነበሩ። ሴቶች በዚያው ዩኒቨርሲቲ ቦታ ያገኙት ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ1923 ነው። በ1940ዎቹ ወንዶቹ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲዘምቱ ግን ሥራው በሰፊው የሴቶች ሆነ። ወንዶች ይመሩት በነበረበት ዘመን የኮሌጅ ቺርሊደር መሆን ስም የሚያሰጥ ነገር ነበር፤ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑ ሰዎች ሳይቀሩ፣ ለምሳሌ ድዋይት አይዘንሃወር፣ በተማሪነታቸው ቺርሊደር ነበሩ። ክብሩ የቀነሰው ሥራው ቀሎ አይደለም፤ እንዲያውም መወርወሩና ፒራሚዱ ሲጨመር ከበደ። የተለወጠው ሠራተኛው ነው። ይህን ለወንዶቹ ተማሪዎቼ ስነግራቸው ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸውን እወደዋለሁ፤ እያሰቡ ነውና።

«ስፖርት ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ክርክር ባለቤቶቹ አገርም ቀላል አልነበረም። በአሜሪካ ኩዊኒፒያክ የተባለ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድኑን አፍርሶ በቺርሊዲንግ ሊተካ ሲነሳ ተጫዋቾቹና አሠልጣኛቸው ከሰሱት። የፌዴራሉ ዳኛ እ.ኤ.አ. በ2010 ቺርሊዲንጉ ወጥ ደንብና በቅጡ የተደራጀ የውድድር ዘመን ስለሌለው በዚያን ጊዜ ይዞታው እንደ ስፖርት ሊቆጠር አይችልም ብለው ፈረዱ። ይህን ፍርድ የድጋፍ ቡድኖች ጠላት አድርገው የሚያዩት አሉ። እኔ ግን ዳኛው ልክ ነበሩ እላለሁ። ለአንዷ ልጅ ክብር ለመስጠት የሌላዋን ልጅ መረብ ማውረድ የትም አያደርስም፤ በእኛም ግቢ የሴቶች መረብ ኳስ በስንት ልመና የቆመ ነው። ከፍርዱ የምንማረው ሌላ ነገር አለ፤ ዳኛው ያነሱት የጎደለውን ነው፤ ደንብ፣ መርሐ ግብር፣ ተጋጣሚ። እነዚህ ሊሟሉ የሚችሉ ነገሮች ናቸው፤ በዓለም ደረጃ ሲሟሉም ታይቷል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ለዓለም አቀፉ የቺር ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 ጊዜያዊ፣ በ2021 ደግሞ ሙሉ ዕውቅና ሰጥቷል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ጉዳት ነው። ክብር ስል ጭብጨባ ብቻ ማለቴ እንዳልሆነ እዚህ ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ በአንድ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ፍጻሜ ላይ የደቡብ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ቺርሊደር የሆነች ተማሪ ከፒራሚድ ጫፍ፣ ከ4 ሜትር ተኩል ገደማ ከፍታ፣ በጭንቅላቷ ወደቀች። አንጎሏ ተናወጠ፤ የአንገት አጥንቷ ተሰነጠቀ። በቃሬዛ ስትወጣ የዩኒቨርሲቲው መዝሙር ሲጀመር፣ ተኝታ ሳለች እጆቿን በምቱ ታንቀሳቅስ ነበር፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ብዙ ሰው ይህን የጀግንነት ታሪክ አድርጎ ያወራዋል። ልጅቷ ጽኑ ናት፤ አያጠያይቅም። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ ቀን በኋላ የመጣው ደንብ ነው፤ በጠንካራ ወለል ላይ ያለ ምንጣፍ መወርወርና ከፍ ያለ ፒራሚድ መሥራት ተከለከለ። ደንቡ ለመምጣት አንገት መሰንጠቅ ነበረበት።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2012 ቺርሊዲንግ እንደ ስፖርት እንዲታወቅ የጠየቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሐኪሞቹን ያሳሰባቸው ስያሜው አልነበረም። ስፖርት ሲባል የሠለጠነ አሠልጣኝ፣ የጤና ምርመራ፣ የልምምድ ቦታና የጉዳት መዝገብ አብረው ይመጣሉ፤ ሳይባል ሲቀር ልጆቹ ያለ ጥበቃ ይቀራሉ። በበረንዳ ሲሚንቶ ላይ ጓደኛቸውን ያነሱ የነበሩት የእኛ ልጆችም የነበሩት እዚህ ላይ ነው። ከሲሚንቶ ላይ ወድቃ የእጅ አንጓዋ የተሰበረባት ተማሪ ነበረችን፤ ከዚያ በኋላ ቤተሰቦቿ አልመለሷትም። አልፈርድባቸውም።

ዓምና የተለየ ነገር ሞከርን። የሜዳው ግማሽ በሳምንት ሁለት ቀን ለድጋፍ ቡድኑ እንዲሆን ከኳስ አሠልጣኙ ጋር ተስማማን፤ ማሟሟቂያውን ደግሞ ሁሉም ቡድን አብሮ እንዲሠራ አደረግን። ለመውደቂያ ከወላጆች ያረጁ የስፖንጅ ፍራሾች ለመንን፤ ልብሳቸው የተቀዳደደውን በቡና ጆንያ አልብሰን ሰፋናቸው። ጆንያ በጅማ አይጠፋም። ይህ ምንጣፍ ለመወርወር አይበቃም፤ ስለዚህ መወርወርን ከልክለናል፣ ማንሳትም ከትከሻ ከፍታ አያልፍም። ልጆቹ መጀመሪያ ቅር አላቸው። አሁን ግን ለአዲስ ገቢዎች ደንቡን የሚያስተምሩት ራሳቸው ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታትም ማንም ማንንም አያነሳም፤ አወዳደቅ ብቻ ይማራሉ።

አንድ ቀን ከማሟሟቂያው በኋላ ኳስ ተጫዋቾቹን በተሸካሚነት አስገባናቸው። ጉልበታሞች ናቸው፤ ቀላል መስሏቸው ነበር። ሁለቱ ተከላካዮች ልጅቷን ወደ ላይ አወጧት፤ ከአራት ቆጠራ በኋላ ክንዳቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከላይ የቆመችው ልጅ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ በእርጋታ «ጉልበታችሁን እጠፉ፤ አሁን አውርዱኝ» ብላ ስትመራቸው ሜዳው ሁሉ ያዳምጣት ነበር። ግብ ጠባቂው ከኋላ ጠባቂነት ሥራ ላይ ጎበዝ ሆኖ ተገኘ፤ ዓይኑ ከምትወርድ ነገር ላይ አይነሳማ። ከዚያ ቀን በኋላ እሱ ባለበት «ጨፋሪዎቹ» የሚል አልሰማሁም። ሁሉም ተለወጠ አልልም፤ አንድ ሁለቱ ዛሬም ያፌዛሉ፤ የድጋፍ ቡድኑ ውስጥ ያሉትን ወንዶች ልጆች ደግሞ ከሴቶቹ ይበልጥ ያስቸግሯቸዋል። ግን ሜዳው ለማን ነው የሚለው ጠብ ቀርቷል።

የወላጆች ጥያቄ ሌላ ነው። ጅማ ላይ ያለ እናት ወይም አባት «ልጄ በሰው ፊት ምን ለብሳ?» ብሎ ሲጠይቅ ኋላ ቀር ነው ማለት አይገባም። ፊልም ላይ የታየችው አጭር ቀሚስ ለዚህ ስፖርት የምትጨምረው አንዳች ነገር የለም። የእኛ ልጆች ሱሪና ረጅም እጅጌ ይለብሳሉ፤ ሒጃብ የምታደርግ ጫፉን ወደ ውስጥ ታስገባለች፤ መርፌ ቁልፍ ብቻ አይፈቀድም፤ ለተሸካሚውም ለእሷም አደጋ ነውና። ይህን ለወላጆች በስብሰባ ላይ አስረድተን፣ ልምምዱንም መጥተው እንዲያዩ ጋብዘናል። ለወላጅም ቢሆን ከማስረዳት ይልቅ ማሳየት ይሻላል፤ ሜዳው ዳር ቆሞ አንድ ልምምድ ያየ አባት ሁለተኛ ስለ ጭፈራ አላነሳብንም።

ከልጆቹም የሚጠበቅ አለ፤ እሱን ሳልናገር ባልፍ ፍርዴ ሚዛኑን ያጣል። ለወንዶች እግር ኳስ ብቻ የሚመጣ የድጋፍ ቡድን ከሌላው ስፖርተኛ ክብር ሊጠይቅ አይችልም። የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ባዶ ወንበር ፊት ሲጫወት የት ነበሩ? በ1500 ሜትር የመጨረሻዋ ሆና የምትገባውን ልጅ ማን ጠበቃት? ዓምና ይህን ጥያቄ የመረብ ኳሷ አምበል ፊት ለፊት ጠየቀቻቸው፤ ደነገጡ፤ ከዚያ ወዲህ በተራ ይመደባሉ። ጨዋታውንም ማወቅ አለባቸው። ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲል ዝም ማለት፣ የተጋጣሚ ተጫዋች ተጎድቶ ሲወድቅ ዜማ ማቋረጥ፣ የራስ ቡድን ሁለት ለባዶ ሲመራበት ከቀድሞው ይበልጥ መጮህ፤ እነዚህ ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች ኳስ ተጫዋቹ ልብ ላይ የሚቀሩ ናቸው።

ስለ ዜማው ይዘት ደግሞ አንድ ነገር። ባለፉት ዓመታት በአገራችን ስታዲየሞች በደጋፊዎች ጠብ የተቋረጡ ጨዋታዎችን ሁላችንም እናስታውሳለን። ብዙ ጊዜ እሳቱ የሚጫረው ከአንድ ጥግ በሚነሳ ስድብ ነው። የእኛ ልጆች ዜማቸውን በኦሮምኛና በአማርኛ እያፈራረቁ ያወጣሉ፤ የተጋጣሚ ትምህርት ቤትን፣ የማንንም ብሔር፣ የማንንም መልክ የሚነካ ቃል የለበትም። ካቻምና ከመቀመጫው ጥግ ስድብ ሲጀመር አውራጇ ሌላ ዜማ ከፍ አድርጋ አነሳች፤ ከበሮው ተከተላት፤ ስድቡ ተውጦ ቀረ። በዕለቱ የነበሩት ፖሊሶች ሳይቀሩ ያዩት ነገር ነው። ያ ብቃት በየትኛው የስፖርት ዝርዝር ላይ እንደሚጻፍ አላውቅም፤ ግን በዚያ ሜዳ ላይ ከተቆጠሩት ግቦች ሁሉ የበለጠ ዋጋ ነበረው።

የገንዘብ ነገር መነሳቱ አይቀርም። ኳስ የሌለው፣ መረቡ የተበጠሰ ትምህርት ቤት ለድጋፍ ቡድን ከየት ያመጣል? ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ እኔም የማስተምረው ታኬታ በተራ በሚለበስበት ግቢ ነው። የምጠይቀው ግን አብዛኛው ገንዘብ አይፈልግም። የዘንድሮው የስፖርት ክበባት ዕቅድ በየትምህርት ቤቱ ሲወጣ የድጋፍ ቡድኑ ከሚኒ ሚዲያና ከኪነት ክበብ ሥር ወጥቶ ከስፖርት ክበባት ጋር ይጻፍ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከ10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል፣ የሜዳው ግማሽ በስሙ ይያዝለት፤ ሰሌዳው ላይም ይለጠፍ። ኃላፊ መምህር ይመደብለት፤ ያ መምህር አወዳደቅና ማንሳትን ሳያውቅ ልጆቹ ማንንም እንዳያነሱ ይከልክል። ለውድድር ስም ዝርዝር ሲላክ የእነሱም ስም፣ የእነሱም ክፍል፣ የእነሱም የወላጅ ስልክ ይካተት። ወጌሻውም ሜዳ ሲደርስ ከኳሱ ቡድን ጋር እንደሚያደርገው ሁሉ ወደ እነሱ ሄዶ ማን ቁርጭምጭሚቱን እንደሚያመው ይጠይቅ።